አሮጌውን ሊንክ ሳትሰብሩ ወደ ስታንዳርዱ መሻገር፦ የዩአርኤል ፓርሰር ለሚነካካ ዴቨሎፐር

ሁለት ሰርቨር ነበረን። አንዱ ፒኤችፒ 7.4 ላይ ነው። ሌላውን በዋዜማው ማታ ወደ 8 አሻግረነዋል። ጠዋት ስንገባ ከአንድ ደንበኛ ሲስተም የሚመጡት ጥሪዎች ግማሾቹ ያልፋሉ፣ ግማሾቹ «ፊርማው አይገጥምም» ተብለው ይመለሳሉ። (ፊርማ ከሊንኩና ከሚስጥር ቁልፍ ተሰልቶ ሊንኩ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥ ኮድ ነው።) ያው ደንበኛ፣ ያው ቁልፍ፣ ያው ሊንክ። ቁልፉ ተቀይሮ ይሆናል ብለን ግማሽ ቀን ፈጀን። የሰርቨሩ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል ብለን ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት።

በመጨረሻ ያገኘናት አንዲት የጥያቄ ምልክት ነች። ደንበኛው የሚልከው ሊንክ ጫፉ ላይ «?» አለችው፤ ከኋላዋ ምንም የለም። የኛ ኮድ ሊንኩን «ፓርስ_ዩአርኤል» በሚባለው የፒኤችፒ ፓርሰር (ሊንክን በየክፍሉ የሚለያይ ፋንክሽን) ይበታትነዋል፣ መልሶ ይገጣጥመዋል፣ ከዚያ በተገጣጠመው ላይ ፊርማ ያሰላል። ፒኤችፒ 7 ባዶዋን «?» እንዳላያት ያልፋታል። ፒኤችፒ 8 ግን «ኩዌሪ (ከ«?» ኋላ የሚመጣው ክፍል) አለ፣ ባዶ ነው» ይላል። ስለዚህ አንዱ ሰርቨር ያለ «?» ይፈርማል፣ ሌላው ከነ«?»ዋ።

ፒኤችፒ እዚህ ላይ አላጠፋም። በስታንዳርዱ መሠረት የሌለ ኩዌሪና ባዶ ኩዌሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድሮው ቨርዥን ነበር የሚያምታታቸው። አስተካከሉት፤ የኛ ቤት ግን ተናጋ።

ከዚያ ወዲህ ዩአርኤል የሚቆራርጥ ፋንክሽን ላይ እጄን ሳስገባ የምከተለው ቅደም ተከተል አለኝ። ለራሱ ላይብረሪ ለሚጽፍም፣ የድርጅቱን አሮጌ ኮድ ለሚጠግንም ይሆናል። አንድ ነገር ላስቀድም፦ አድራሻዎቹን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። ቁም ነገሩ ያለው ምልክቶቹ ላይ ነው፤ ነጥቡ፣ ስላሹ፣ «@» እና «#» ላይ።

1. አሮጌው ፋንክሽን የሚያደርገውን መዝግቡ

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ፋይል ክፈቱ። ከፕሮዳክሽን ሎግ እውነተኛ ሊንኮች ልቀሙ። ጥቂት ሺህ ይበቃል። ፋይሉ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ቶከን፣ ስልክ ቁጥርና ፓስወርድ አጥፉ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ የቴስት ፋይል ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ነው የሚቀመጠው።

ከእነሱ ጋር በእጅ የተጻፉ ክፉ ክፉ ናሙናዎችን ጨምሩ። ጫፉ ላይ ባዶ «?» ያለው። ባዶ «#» ያለው። ፖርቱ ቦታ ላይ ሁለት ነጥብ ብቻ ያለው። ሦስት ስላሽ ያለው። መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ የገባበት። ከወርድ ፋይል ሲገለበጥ መስመር የተሰበረበት። ከቻት ተቀድቶ አራት ነጥብ የተለጠፈበት። ይሄኛው የኛ ሰው ልማድ ነው፤ «ሊንኩ ይኸው ምሳሌ.ኮም/ዜና።» ብሎ ይልካል። አራት ነጥቧ ከሊንኩ ጋር ትቀዳለች። ፓርሰሩ ያለምንም ቅሬታ ይቀበላታል፤ ፓዝ (ከሳይቱ ስም በኋላ ያለው አድራሻ) ውስጥ መግባት የምትችል ተራ ምልክት ነች። ገጹ ግን አይገኝም። እሷን መቁረጥ ሊንኩን ከጽሑፍ መሃል የሚለቅመው ኮድ ሥራ ነው። ፓርሰሩ ውስጥ አታስገቡት።

አሁን ሁሉንም በአሮጌው ፋንክሽን አሳልፉና ውጤቱን እንዳለ አስቀምጡ። «ይሄ ትክክል ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ገና ነው። የሚፈለገው ፎቶ ነው። በተለይ «የለም»፣ «ባዶ ነው» እና «አልተቻለም» የሚሉትን ሦስቱን ለይታችሁ መዝግቡ። የኛን ግማሽ ቀን የበላው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መምታታት ነው።

2. ስታንዳርዱ የትኛው እንደሆነ ወስኑ

«ስታንዳርዱን እንከተል» ሲባል ቀላል ይመስላል። ችግሩ፣ ሁለት ናቸው።

አንደኛው አርኤፍሲ 3986 የሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነው። ቲም በርነርስ-ሊ፣ ሮይ ፊልዲንግና ላሪ ማሲንተር ጥር 2005 ላይ አወጡት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከሱ በፊት የ1998ቱ 2396፣ ከዚያም በፊት የ1994ቱ 1738 ነበሩ። 3986 ሰዋስው ነው። ይህ ይፈቀዳል፣ ያ አይፈቀድም ይላል። የማይፈቀደው ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን ብዙም አያወራም።

ሁለተኛው የዋትዊጂ ስታንዳርድ ነው። አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ከሚመሩት ቡድን የሚወጣ ነው። የእትም ቁጥር የለውም፤ በየጊዜው እየታደሰ ይሄዳል። አካሄዱ ሌላ ነው። ብራውዘሮች በተግባር የሚያደርጉትን ደረጃ በደረጃ ይጽፋል። የተበላሸ ሊንክ ሲመጣም እንዴት እንደሚጠገን ይናገራል።

ልዩነታቸውን በአንድ ሊንክ ለማየት «ኤችቲቲፒ:\\ምሳሌ.ኮም» ብላችሁ ብራውዘር ላይ ጻፉ። ይከፍተዋል። ለኤችቲቲፒና ለመሰሎቹ ዋትዊጂ የተገለበጠውን ስላሽ እንደ ቀናው ስላሽ ስለሚቆጥረው ነው። በ3986 ግን የተገለበጠ ስላሽ ዩአርኤል ውስጥ ቦታ የለውም። ሌላ፦ ዋትዊጂ መሃል የገባ ታብና የመስመር መስበሪያ አውጥቶ ይጥላል። ሌላ፦ ሆስቱ (የሰርቨሩ ስም) ቦታ ላይ 2130706433 ቢጻፍ ዋትዊጂ 127.0.0.1 ነው ብሎ ያነበዋል። 0177.0.0.1 ቢጻፍም ያው፤ ዜሮዋ ቁጥሩን በስምንት ቤት አቆጣጠር ታስነብበዋለች። ለ3986 ሁለቱም ተራ ስም ናቸው።

የኛ ፊደል ጉዳይም እዚህ ይመጣል። 3986 ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደልና ከተለመዱት ምልክቶች) ውጪ ያለ ፊደል አያውቅም፤ ለሱ አርኤፍሲ 3987 የሚባል ወንድም ወጥቶለታል። ዋትዊጂ ግን ፓዝ ውስጥ «ኢትዮጵያ» ብትጽፉ ይቀበልና ራሱ ወደ ፐርሰንት ኮድ ይቀይረዋል። እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ «%» እና ሁለት ምልክት ይሆናል። አምስቷ ፊደል 45 ምልክት ሆና ትወጣለች። የአማርኛ ዊኪፒዲያ ሊንክ ስትልኩ እንደ ባቡር የሚረዝመው ለዚህ ነው። ዳታቤዛችሁ ለሊንክ የሰጠው ቦታ ጠባብ ከሆነ፣ አዲሱ ፓርሰር የሚቆረጥ ሊንክ ያመጣባችኋል። ይህንን ከአሁኑ እዩት።

ታዲያ የትኛውን? ጥያቄው «የቱ ይሻላል?» ከሆነ ክርክሩ አያልቅም። እኔ የምጠይቀው ሊንኩ ከእናንተ እጅ ሲወጣ ወደ ማን እንደሚሄድ ነው። ወደ ብራውዘር ከሆነ፣ ለምሳሌ ተጠቃሚውን ወደ ሌላ ገጽ የምታዞሩ ከሆነ፣ ዋትዊጂ። በሁለት ሰርቨሮች መካከል በኤፒአይ ብቻ የሚሄድና ውጪ ያለውን ሁሉ እምቢ ማለት የምትፈልጉ ከሆነ 3986። ሊንኩን ራሳችሁ በሆነ ላይብረሪ የምትጠሩት ከሆነ ደግሞ ያ ላይብረሪ የሚያነብበትን መንገድ። ሁለቱን ቀላቅሎ «የራሳችን» ማድረግ ሦስተኛ ስታንዳርድ መውለድ ነው። የሚያሳድገው የለም።

3. አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስኪዱ

አዲሱን ጻፉ፤ መልሱን ግን ገና አትጠቀሙበት። ሐሳቡ ይህን ያህል ነው፦

መልስ = አሮጌ_ክፈል(ሊንክ)
ሙከራ = አዲስ_ክፈል(ሊንክ)
መልስና ሙከራ ከተለያዩ → ልዩነቱን መዝግብ
መልስን መልስ

አዲሱ ቢወድቅ እንኳን ተጠቃሚው እንዳይሰማው አጥር አድርጉለት። እኔ ቢያንስ አንድ የወር መጨረሻ እስኪያልፍ አስኬደዋለሁ፤ የወር መዝጊያ ሪፖርት የሚልኩ አሮጌ ሲስተሞች በሌላው ቀን አይታዩም።

የሚመጣውን ልዩነት በሦስት ክምር ለዩት።

የመጀመሪያው የመልክ ልዩነት ነው። ሆስቱ ወደ ትንንሽ ፊደል ተቀየረ፣ ባዶው ፓዝ «/» ሆነ፣ ለኤችቲቲፒኤስ «:443» ተጣለ። ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜም የለውም። ሊንኩን እንደ ቁልፍ የሚጠቀም ካሽ (የተዘጋጀ ገጽን ለቀጣዩ ጠያቂ የሚያስቀምጥ)፣ ወይም የሚፈርም ኮድ ካለ ግን ጉዳት አለው።

ሁለተኛው የትርጉም ልዩነት ነው፤ ያለና የሌለ፣ ባዶና ምንም። ይህን የሚጠቀመውን ኮድ አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ ማየት ግድ ነው። አቋራጭ አላገኘሁለትም።

ሦስተኛው ሆስቱ ራሱ የተለየበት ነው። አሮጌው «ወደ ባንካችን.ኮም ይሄዳል» ይላል፣ አዲሱ «ወደ ሌላ»። እዚህ ክምር ውስጥ አንድ እንኳን ከተገኘ ሌላውን ሥራ አቁማችሁ እሱን ያዙ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ እመጣበታለሁ።

4. አሮጌውን ስም አትንኩ፣ ለአዲሱ አዲስ ስም ስጡት

ፈተናው እዚህ ነው። እጅ ይበላል። «ባግ ነው እኮ፣ እዚያው ላስተካክለው» ያሰኛል። አሮጌው ፋንክሽን ብዙ ሰው የሚጠራው ከሆነ ግን በዝምታ ማስተካከል ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ባጉን ተደግፎ የቆመ ኮድ አለ። የጻፈው ሰው ለቋል፤ ምናልባትም አገር ቀይሯል።

ፒኤችፒዎች በስተመጨረሻ የመረጡት መንገድ ይህ ነው። የ8ቱን ለውጥ የዋናው ቨርዥን ቁጥር ሲቀየር ጠብቀው አስገቡት፤ ደንቡ ይፈቅድላቸዋል። ቢሆንም «ፓርስ_ዩአርኤል» ያኔም ዛሬም ሁለቱንም ስታንዳርድ በሙሉ አይከተልም። ኅዳር 2025 በወጣው 8.5 ላይ ግን አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ሁለት የተለያዩ ክላሶች፤ አንዱ ለአርኤፍሲ 3986፣ አንዱ ለዋትዊጂ። የሚጽፈው ሰው የቱን እንደሚፈልግ ገና ስሙን ሲጠራ ይናገራል። «ፓርስ_ዩአርኤል» ባለበት ቀረ። ለኔ ከሁሉም ደስ ያለኝ መፍትሔ ነው። ማንም ሳይሰበር፣ አዲስ የሚጽፍ ሰው ንጹሑን ያገኛል።

የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው ኖድም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። የድሮው «ዩአርኤል.ፓርስ» አለ፤ ከጎኑ በዋትዊጂ የሚሠራው «ዩአርኤል» ክላስ መጣ። የኖድ መመሪያ የድሮውን አትጠቀሙ ይላል። በሱ ላይ ለሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ የሲቪኢ (የታወቁ ቀዳዳዎች መዝገብ) ቁጥር እንደማይሰጥም በግልጽ ጽፏል። «እዚያ ቤት ውስጥ የምትቀሩ በራሳችሁ ኃላፊነት ነው» እንደማለት ነው።

ስም ስትሰጡ «ክፈል2» ወይም «አዲስ_ክፈል» አትበሉት። አዲስ የተባለ ሁሉ ያረጃል። ስታንዳርዱን ስሙ ውስጥ አስገቡት፤ «በ3986_ክፈል»፣ «እንደ_ብራውዘር_ክፈል»።

የአዲሱ መልስ ቅርጽም ይታሰብበት። አሮጌው ዲክሽነሪ የሚመልስ ከሆነ፣ አዲሱ ያንኑ ቅርጽ ይዞ የተለየ ትርጉም ባይሰጥ ይሻላል። ቅርጹ ሲለያይ ሰው ሳያነብ አይቀይርም። ቅርጹ አንድ ሲሆን ግን ስሙን ብቻ ለውጦ ይሄዳል፤ ባዶዋ «?» ደግሞ ትጠብቀዋለች።

5. ደህንነት ሲሆን ግን ስበሩ

ከላይ ያልኩት ሁሉ አንድ በር አለው። ልዩነቱ ሌባ የሚያስገባ ከሆነ አሮጌው ባህሪ አይከበርም።

ይህችን ሊንክ ጠጋ ብላችሁ እዩ፦

ኤችቲቲፒኤስ://ሌባ.ኮም\@ባንካችን.ኮም/

የናንተ ኮድ ተጠቃሚው ከገባ በኋላ ወደ ባንካችን.ኮም ብቻ እንዲዞር ይፈትሻል እንበል። አሮጌው ፓርሰር ከ«//» ጀምሮ እስከሚቀጥለው «/» ድረስ ያለውን ይወስዳል። ውስጡ «@» ያገኛል። ከ«@» በፊት ያለው የተጠቃሚ ስም ነው፣ ሆስቱ ባንካችን.ኮም ነው ብሎ ይደመድማል። ፍተሻው ያልፋል። ሊንኩ ወደ ብራውዘሩ ይሄዳል። ብራውዘሩ ደግሞ «\» ን «/» ያደርጋታል። ስለዚህ ሆስቱ እዚያው ላይ አለቀ፤ ሌባ.ኮም። ቀሪው «@ባንካችን.ኮም/» ተራ ፓዝ ነው። ተጠቃሚው ከናንተ ገጽ ተነስቶ ሌባው ቤት ገባ።

አሮጌው ፓርሰር ብቻውን ቢሆን፣ ብራውዘሩም ብቻውን ቢሆን ችግር የለም። ቀዳዳው መሃላቸው ነው። ኦሬንጅ ፃይ የተባለው የታይዋን የደህንነት ተመራማሪ በ2017 ብላክ ሃት የደህንነት ጉባኤ ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው። ከምሳሌዎቹ አንዷ ይህች ናት፦

ኤችቲቲፒ://1.1.1.1 &@2.2.2.2# @3.3.3.3/

ሦስት የፓይተን ላይብረሪዎች አንዷን ሊንክ አንብበው ሦስት የተለያየ ሆስት አወጡ። አንዱ የመጀመሪያውን፣ አንዱ የመሃሉን፣ አንዱ የመጨረሻውን። አንዱ ላይብረሪ ሲፈትሽ ሌላው የሚጠራ ከሆነ ፍተሻው ጌጥ ነው።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። የሚፈትሸውና የሚጠራው አንድ ፓርሰር ይሁን። ያ ካልተቻለ፣ ለምሳሌ የሚከፍተው ብራውዘር ከሆነ፣ የተጠቃሚውን ጽሑፍ እንዳለ አታሳልፉ። በፓርሰራችሁ ክፈሉት፣ ፈትሹት፣ ከዚያ ከተከፈለው ላይ እንደገና ጽፋችሁ ያንን ላኩ። «\»፣ ክፍት ቦታ ወይም የተጠቃሚ ስም ያለበትን ደግሞ መልሱት። ዛሬ ሊንክ ውስጥ የተጠቃሚ ስም የሚያስገባ ጤነኛ ደንበኛ እኔ ብዙም አልገጠመኝም።

ስትሰብሩ እንዴት? ከፓይተን መማር ይቻላል። የፓይተን ኩዌሪ ከፋይ ለዓመታት በ«&» ም በ«;» ም ይለያይ ነበር። መነሻ አለው፤ የ1999ኙ ኤችቲኤምኤል 4.01 ሰርቨሮች «;» ንም እንዲቀበሉ ይመክር ነበር። ጊዜው አለፈ፤ ዋትዊጂ የሚያውቀው «&» ን ብቻ ነው። ፊት ለፊት ያለው ካሽ «;» ን እንደ ተራ ጽሑፍ ሲያይ፣ ከኋላ ያለው ፓይተን መለያያ ያደርጋታል። አጥቂ በዚህች ልዩነት ካሹ ውስጥ የተመረዘ ገጽ ማስቀመጥ ይችላል። በየካቲት 2021 ፓይተን ቀየረው። ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ከተጠራ «&» ብቻ። «;» የሚፈልግ ሰው ግን መለያያውን ራሱ የሚመርጥበት ፓራሜትር ተጨመረለት። ሁለቱንም በአንዴ መጠቀም ግን ቀረ። ለውጡ ለደህንነት ስለሆነ ወደ አሮጌዎቹ ቨርዥኖችም ወረደ።

የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ደግሞ በዚያው ዓመት በ1.17 ላይ ጠንከር አለ። በፐርሰንት ኮድ ያልተጻፈ «;» ያለበትን የኩዌሪ ክፍል አይቀበልም። የግድ ለሚፈልግ ሰርቨር አሮጌውን ባህሪ የሚመልስ መጠቅለያ አዘጋጅቷል፤ ስሙ በግልጽ «ሰሚኮለን ፍቀድ» የሚል ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ስታስቀምጡ እንዲህ ይሁን። ጠባብ፣ ስሙ አደጋውን የሚናገር፣ ጠፍቶ የሚጀምር። «አሮጌ_ሁነታ=አዎ» የሚል አንድ ትልቅ ማብሪያ አትስሩ። ሰው ለአንዲት «;» ብሎ ይከፍተውና የተገለበጠውንም ስላሽ አብሮ ያስገባል።

6. ዋናውን ጽሑፍ አስቀምጡ

ይህን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያ ግማሽ ቀን አይጠፋም ነበር። ሊንክ ሲደርሳችሁ የመጣውን ጽሑፍ ባይት በባይት አስቀምጡ። የተከፈለውን ከጎኑ ያዙ። ፊርማ የሚሰላው በመጣው ላይ ነው። ሎግ የሚደረገውም የመጣው ነው፤ ሚስጥሩ ተሸፍኖ። ለመምራትና ለመፈተሽ የተከፈለውን ተጠቀሙ።

ከፍሎ መልሶ መግጠም ዋናውን ይመልሳል ብላችሁ አታስቡ። በዋትዊጂ ጭራሽ አይመልስም፤ ሆስቱን ትንንሽ ያደርጋል፣ ፖርት ይጥላል፣ ስላሽ ይጨምራል። ለማነጻጸር ጥሩ ነው፤ ለፊርማ አይሆንም። ወደ ደረጃ 5 ስመለስ፣ ለብራውዘር የሚላከው የተገጠመው፣ የሚፈረምበት የመጣው ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቫሪያብል የያዘ ኮድ አይቼ አውቃለሁ። የኛ ነበር።

7. ማስጠንቀቂያውና ቴስቱ

አሮጌው ሲጠራ ሎግ ላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ አውጡ፤ የሚጠራውን ፋይልና መስመር ያሳይ። በየጥሪው ሳይሆን ከየቦታው አንድ ጊዜ ብቻ፤ አለበለዚያ ሰው ማስጠንቀቂያውን ራሱን ያጠፋዋል። የሚወገድበትን ቨርዥን ከወዲሁ ጻፉ።

ለቴስት ከዜሮ አትጀምሩ። ብራውዘሮቹ የሚፈተኑበት የዌብ ፕላትፎርም ቴስት ውስጥ ለዩአርኤል ብቻ የተዘጋጀ ትልቅ የጄሰን ፋይል አለ፤ ሊንክና የሚጠበቀው ውጤት። ያንን አውርዱና የወረደበትን ቀን ያዙ። ዋትዊጂ ስለሚለዋወጥ ፋይሉ በራሱ እንዲታደስ አታድርጉ። ስታድሱት የተለወጠውን በዓይን እዩ። የራሳችሁን ፎቶ፣ ደረጃ 1 ላይ ያነሳችሁትን፣ ከሱ ጋር አትቀላቅሉ። የነሱ ፋይል አዲሱን ይፈትናል፣ የናንተ አሮጌውን ይጠብቃል።

ለደንበኛው ያኔ ደውለን ነበር። ባዶዋን «?» ማንሳት ይችሉ እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ሲስተሙን የሠራው ልጅ የለም፣ ማን ይነካዋል?» አሉን። ፊርማውን በመጣው ጽሑፍ ላይ አደረግነው፤ ሁለቱም ሰርቨሮች ተስማሙ። «?» ዛሬም ትመጣለች። በቴስት ፋይላችን የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለችው እሷ ነች።